በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አርታኢ መገንባትና መጫን

የጽሑፍ አርታኢ ፊደልን ብቻ የሚጽፍ፣ የሚያርምና የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። እንደ ማይክሮሶፍት ዎርድ ያለው ፕሮግራም ከጽሑፉ ጋር የፊደሉን ዓይነት፣ መጠን፣ ቀለምና የገጹን ኅዳግ አብሮ ያስቀምጣል። አርታኢ ግን ከፊደሉ በቀር የሚያስቀምጠው ነገር የለም። በዚህም የተነሳ ፋይሉ ትንሽ ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል፤ ዓመታት ቢያልፉም የሚያነበው አይታጣም። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኮዳቸውን፣ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች የማሽኑን ማስተካከያ፣ የቋንቋ ተመራማሪዎችም የሰበሰቡትን ቃል የሚይዙት በዚህ ዓይነት ፋይል ነው።

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ፣ ኮምፒውተር ባረጀ ቁጥር በአዲስ መተካት ለትምህርት ቤትም ለቢሮም ከባድ ወጪ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም የቆየ ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን አካሉ ደህና ሆኖ ሳለ አማርኛ አልጽፍ በማለቱ ብቻ ወደ መጋዘን ሊገባ ይችላል። ሆኖም አማርኛ መጻፍ የግድ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ አይደለም። የአማርኛውን ሥራ ራሱ ተሸክሞ የሚመጣ አርታኢ ከተገኘ አሮጌው ማሽን ከፎንት በስተቀር የሚጠየቀው ነገር አይኖርም። ይህ ዝግጅት እንዲህ ያለው አርታኢ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከሶርስ ኮድ እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚጫን በቅደም ተከተል ያስረዳል። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒውተር አማርኛ ለመጻፍ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ለእያንዳንዱ ፊደል የተመደበ ቁጥር ነው፤ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ቅርጹን ሳይሆን ቁጥሩን ነውና። ሁለተኛው በላቲን ኪቦርድ የተመታውን ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይር የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ሦስተኛው የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፎንት ነው። የአሮጌ ማሽኖች ችግር ከነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ይመነጫል።

በዶስ ዘመን ዋናው ችግር ቁጥሩ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል በአንድ ባይት ይቀመጥ ስለነበር ለፊደል የሚሆነው ቦታ በጠቅላላ 256 ብቻ ነው። ግማሹን ላቲኑና የማሽኑ ትእዛዞች ይዘውታል። በአማርኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ እንደ ዳሸን ኢንጂነሪንግ ያሉ ድርጅቶች፣ ቀጥሎም እንደ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞችና ፎንቶች ችግሩን በየራሳቸው ዘዴ ተወጡት። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈለ፤ ሌላው ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው ገጣጥሞ ሠራ። ዘዴዎቹ እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ፋይሎች ዛሬም ትክክለኛ መቀየሪያ ካላገኙ በአርታኢ ተከፍተው አይነበቡም።

መፍትሔው የመጣው ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚመድበው መስፈርት፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። በዚያ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ቁምፊዎች ከቁጥር 4608 ጀምሮ ቦታ ተሰጣቸው። አመዳደቡ ፊደል የቆጠረ ሰው በቀላሉ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ተከታታይ ቦታ ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ናቸው። ሀ 4608 ነው፤ ገ 4872 ነው፤ ጎ ከገ ሰባተኛ ስለሆነ 4878 ላይ ይገኛል። ጎንደር የሚለው ቃል እንግዲህ ለኮምፒውተሩ 4878፣ 4757፣ 4848 እና 4653 ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የአቀማመጥ ስልት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ቃሉ በፋይል ውስጥ 12 ባይት ይሆናል። ይህ ቁጥር በኋላ አርታኢው በትክክል መሥራቱን ለመፈተን ይጠቅማል።

ዩኒኮድ ቁጥሩን ቢሰጥም ኪቦርዱና ፎንቱ ወዲያው አልተከተሉም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዩኒኮድን ያውቃል፤ ነገር ግን የአማርኛ ፎንትም ሆነ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት አልመጣም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር ያቀረበው በ2007 ለገበያ በዋለው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ማሽኖች የጎደላቸውን ከውጭ ማግኘት አለባቸው።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው አርታኢ ኢማክስ ነው። ኢማክስን ሪቻርድ ስቶልማን በ1980ዎቹ አጋማሽ ለጂኤንዩ ፕሮጀክት የጻፈው ሲሆን እስከ ዛሬ በነፃ ይታደላል። በጃፓን እነ ሃንዳ ኬኒቺ በበርካታ ፊደላት እንዲጽፍ አድርገው አሰፉት፤ የግዕዙን ክፍል ያዘጋጀው ታካሃሺ ናኦቶ ነው። የአጻጻፍ ዘዴው ሴራ በሚባለው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ባቀረቡት ስልት ላይ የተመሠረተ ነው። ሴራ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት ይወክላል። ኢማክስ ቁጥሩንና የአጻጻፍ ዘዴውን በሆዱ ስለያዘ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የአማርኛ ኪቦርድ አይጠብቅም። ፎንቱም ቢሆን ተራ ፎንት ይበቃዋል፤ እንደ ዐረብኛ ወይም እንደ ሂንዲ ፊደል በቦታው ቅርጹን የሚለውጥ ስላልሆነ የግዕዝ ፊደል ልዩ የቅርጽ ማቀናጃ አይፈልግም።

የእትም ምርጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ23ኛው እትም በፊት የነበረው ኢማክስ የራሱ የሆነ ውስጣዊ የቁጥር አመዳደብ ነበረው። በ2009 የወጣው 23.1 ግን ወደ ዩኒኮድ ተሸጋገረ፤ ስለዚህ ለአማርኛ ከ23 በታች መውረድ አይመከርም። ወደ ላይም ያለ ልክ መሄድ ጥሩ አይደለም። አዲሶቹ እትሞች አሮጌው ሲስተም የሌለውን ኮምፓይለርና ላይብረሪ ይጠይቃሉ። በተቃራኒው ደግሞ ከ27 በፊት የነበሩ እትሞች በአዲስ ሊኑክስ ላይ ሲገነቡ ሊሰናከሉ ይችላሉ። ደንቡ የአርታኢውንና የሲስተሙን ዘመን ማቀራረብ ነው። ከ2006 እስከ 2014 ድረስ ለነበሩ የሊኑክስ ሥርጭቶች በ2012 የወጣው 23.4 ወይም በ2015 የወጣው 24.5 ይስማማሉ።

አርታኢን መገንባት ማለት ሰው የሚያነበውን ሶርስ ኮድ በኮምፓይለር አማካይነት ማሽኑ ወደሚፈጽመው ፕሮግራም መለወጥ ነው። ገብስ የያዘ ሰው በሶም ቆሎም ጠላም ሊያደርገው ይችላል፤ በሶ የተሰጠው ግን በሶውን ይዞ ይቀራል። ሶርስ ኮድም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ኮድ ለአሮጌውም ለአዲሱም፣ ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም የሚሆን ፕሮግራም ይወጣል። ተዘጋጅቶ የመጣ ፕሮግራም ግን ለተሠራለት ሲስተም ብቻ ይሆናል። ለአሮጌ ሊኑክስ ተዘጋጅቶ የሚታደል አዲስ ፕሮግራም ማግኘት አስቸጋሪ የሚሆነውና መገንባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዝግጅት የማሽኑን ሰዓትና ቀን ማስተካከል ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑን ወደ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የግንባታው መሪ የሆነው ሜክ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የትኛው ፋይል ከየትኛው በኋላ እንደተሠራ የሚያውቀው በቀናቸው ነው። ማሽኑ ራሱን በ2000 ላይ ካስቀመጠ በ2015 የታሸገው ሶርስ ኮድ ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል። ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ግንባታው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያም ያወጣል። ሌላው ስሕተት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከሌላ ኮምፒውተር የመጡ ፋይሎች ከወደፊት የመጡ ይመስሉታል፤ የድረ ገጾችን የምስጢር ሰርተፍኬትም ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ዴት በሚለው ትእዛዝ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማስተካከል፣ ዘላቂ እንዲሆንም ባትሪዋን መቀየር ይገባል።

ሁለተኛው ዝግጅት መሣሪያዎቹ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። በሊኑክስ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለርና ሜክ ያስፈልጋሉ። ጂሲሲ ዳሽ ዳሽ ቨርዥን ተብሎ ሲጻፍ ማሽኑ የእትም ቁጥር ከመለሰ ኮምፓይለሩ አለ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ኤንከርስስ የተባለው የስክሪን ላይብረሪ የግንባታ ጥቅል መኖር አለበት። ለመስኮት ሥራ ደግሞ የኤክስ፣ የፍሪታይፕና የፎንትኮንፊግ የግንባታ ጥቅሎች ይጨመራሉ። በሃርድ ዲስኩ ላይ ቢያንስ ግማሽ ጊጋባይት ነፃ ቦታ ይበጃል። የአሮጌ ሥርጭቶች የጥቅል ማከማቻ ከመደበኛ አድራሻው ስለሚነሳ ማሽኑ ጥቅሎቹን አጣሁ ሊል ይችላል። የኡቡንቱ አሮጌ እትሞች ኦልድ ሪሊዝስ በሚባለው፣ የዴቢያን ደግሞ አርካይቭ በሚባለው ማከማቻ ይገኛሉ። የመጫኛው ዲቪዲ ካልጠፋ ከጥቅሎቹ ብዙዎቹን ከእሱ ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛው ዝግጅት ሶርስ ኮዱን ማምጣት ነው። አሮጌ ብራውዘር የዛሬ ድረ ገጾችን የምስጢር አሠራር ስለማያውቅ ፋይሉን በራሱ ማውረድ ሊያቅተው ይችላል። በአዲስ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ከጂኤንዩ ማከማቻ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይሻላል። የ24.5 ፋይል በሁለት ዓይነት ይታሸጋል፤ አንዱ ጂዚ፣ ሌላው ኤክስዚ ነው። ኤክስዚው አነስ ቢልም አሮጌ ሲስተም ሊፈታው አይችል ይሆናልና 50 ሜጋባይት ገደማ የሚሆነውን ጂዚ መምረጥ ይበጃል። ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ለማወቅ ሻ ዋን ሰም የሚለው ትእዛዝ በአዲሱም በአሮጌውም ማሽን ይሰጣል፤ ሁለቱ የሚያወጡት ረጅም ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ጥቅሉ የሚፈታው ደግሞ ፍላሹ ላይ ሳይሆን በማሽኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ፍላሽ በአብዛኛው የሚጠቀምበት ፋት የተባለው የፋይል አደረጃጀት የሊኑክስን የፈቃድ ምልክት አይዝም፤ እዚያው የተፈታ ሶርስ ኮድ ሊገነባ ሲሞከር ይሰናከላል።

ጥቅሉ ታር በሚለው ትእዛዝ ከተፈታ በኋላ ግንባታው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ኮንፊገር ነው። ይህ ሶርስ ኮዱ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ማሽኑን ይመረምራል፤ ምን ኮምፓይለር፣ ምን ላይብረሪ እንዳለ ጠይቆ ግንባታውን ለዚያ ማሽን ያዘጋጃል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በማይገኝበት ቦታ ኮንፊገር ዳሽ ዳሽ ፕሪፊክስ ተብሎ የተጠቃሚው የራሱ ፎልደር ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ አርታኢው የሲስተሙን ፋይሎች ሳይነካ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይጫናል፤ ካልተፈለገም ፎልደሩን መሰረዝ ይበቃል።

ኮንፊገር የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። ቲፑትስ የሚባል ተግባር በየትኛውም ላይብረሪ አልተገኘም ካለ የጎደለው የኤንከርስስ የግንባታ ጥቅል ነው። ፕሮግራሙ ኖሮ የግንባታ ጥቅሉ ላይኖር ስለሚችል ላይብረሪው አለ ብሎ መከራከር አያዋጣም። ሁለተኛው የሥዕል ላይብረሪዎች መጥፋት ነው። ጂፍ፣ ቲፍ ወይም ኤክስፒኤም አልተገኘም ሲል ለጽሑፍ ሥራ ስለማያስፈልጉ ዳሽ ዳሽ ዊዝ፣ የላይብረሪው ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ኖ ተብሎ እያንዳንዱ ይዘለላል። ዳሽ ዳሽ ዊዝአውት ዳሽ ኤክስ የሚለው ምርጫ ደግሞ የመስኮቱን ክፍል ጨርሶ ይተዋል። በዚያ ምርጫ የተገነባው አርታኢ ቀላል ነው፤ ሆኖም አማርኛው የሚታየው ተርሚናሉ የግዕዝ ፎንት ካለው ብቻ ነው። የሊኑክስ ጥቁሩ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ብቻ ስለሚይዝ ለአማርኛ ጽሑፍ የመስኮቱን ክፍል ማስቀረት አይመከርም።

ሁለተኛው ደረጃ ሜክ ነው። ይህን ቃል ጽፎ ኢንተር መምታት ይበቃል፤ ኮምፓይለሩ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይሠራል። በመካከሉ ቴማክስ የተባለ ባዶ አርታኢ ይወለዳል። እርሱም ኢማክስ ሊስፕ በሚባል ቋንቋ የተጻፉትን መሠረታዊ ክፍሎች ይጭንና በመጨረሻ ኢማክስ ሆኖ ይቀመጣል። አሮጌ ማሽን ላይ ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል። መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ሥራው ሁሉ ከንቱ አይሆንም፤ ሜክ እንደገና ሲታዘዝ ያለቀውን ትቶ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ጎድሎ ሊቀር ስለሚችል ግን እንግዳ ስሕተት ከታየ ሜክ ክሊን ብሎ ከመጀመሪያው መገንባት ያስፈልጋል።

ከመጫኑ በፊት አርታኢውን መፈተን ጥሩ ልማድ ነው። ሶርስ ኮዱ ውስጥ ኤስአርሲ የሚባል ፎልደር አለ፤ የተገነባው ኢማክስ ከዚያው ሊነሳ ይችላል። በደህና ከተነሳ ሦስተኛው ደረጃ ሜክ ኢንስቶል ነው። ለሁሉም ተጠቃሚ የሚጫን ከሆነ ትእዛዙ የሚሰጠው በአስተዳዳሪው ፈቃድ ነው። በራስ ፎልደር የሚጫን ከሆነ ግን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ቢን የተባለ ክፍል ፓዝ በሚባለው የፍለጋ ዝርዝር ላይ መጨመር ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ ፎንት ይጫናል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት በነፃ የሚታደልና የግዕዝን ፊደል በሰፊው የያዘ ነው። በአሮጌ ሊኑክስ የፎንቱ ፋይል በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነጥብ ፎንትስ በሚባል ንዑስ ፎልደር ይቀመጣል፤ ከዚያ ኤፍሲ ዳሽ ካሽ የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ኢማክስ ተከፍቶ ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎም ኤች ሲመታ ሄሎ የሚባል ገጽ ይመጣል። በዚያ ገጽ የብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ ተደርድሯል፤ ከነሱም መካከል አማርኛ በሚል ስም ሠላም የሚል ቃል ይገኛል። ቃሉ በፊደሉ ከታየ ፎንቱ ተገኝቷል። ባዶ ሣጥን ከታየ ግን ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ አርታኢውን እንደገና መገንባት አያስፈልግም።

አማርኛ ለመጻፍ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ባክስላሽ ይመታል፤ አርታኢው የአጻጻፍ ዘዴ ሲጠይቅ ኢትዮፒክ ተብሎ በላቲን ይጻፍለታል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና ባክስላሽ ብቻ ሲመታ ከአማርኛ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ አማርኛ ይመላለሳል። ጎንደር ብሎ ለመጻፍ ጂ ሲመታ ግ ይወጣል፤ ኦ ሲከተለው ጎ ይሆናል። ኤን ን ነው፤ ዲ ድ ብሎ ኢ ሲጨመርበት ደ ይሆናል፤ አር ር ነው። ሳድስ ብቻውን ይቆማል፤ ሌሎቹ ግን አናባቢ ይጠብቃሉ። ትልቁ ቲ ጠን፣ ትልቁ ሲ ጨን፣ ትልቁ ፒ ጰን፣ ትልቁ ኤስ ጸን፣ ኪው ቀን፣ ኤክስ ሸን ይሰጣሉ።

ጽሑፉ ሲቀመጥ ስልቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ይረጋገጣል። ለፈተና ጎንደር የሚለው ቃል ብቻ ይጻፍና ፋይሉ ይቀመጣል። ከዚያ ደብሊውሲ ዳሽ ሲ በሚለው ትእዛዝ መጠኑ ይለካል። መልሱ 12 ከሆነ፣ ወይም የመስመር መጨረሻው ተጨምሮ 13 ከሆነ፣ ፊደሎቹ በትክክል ተቀምጠዋል። ጎ ላይ ቆሞ ኮንትሮልና ዩ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ የእኩል ይሆናል ምልክት ሲመታ ደግሞ አርታኢው የፊደሉን ቁጥር 4878 ብሎ ይናገራል፤ በየትኛው ፎንት እንዳሳየውም ይገልጻል።

ለጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚጠቅም አንድ ጉዳይ አለ። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነው በጎንደር በዓታ የሚታወቀው የዜማ ትምህርት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ በሚባሉ ምልክቶች ይመራል። እነዚህ በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ቁጥር ተሰጣቸው፤ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ሲጨመሩ አሥር ናቸው። በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር ከ1390 እስከ 1399 ያለውን ይይዛሉ። በኢማክስ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ ኢንተር ተመቶ 1390 ሲጻፍ ይዘት፣ 1399 ሲጻፍ ቁርጥ ይገባል። ምልክቶቹ ግን እንደ ራሳቸውን እንደቻሉ ፊደሎች በመስመሩ ላይ ይቆማሉ፤ ከፊደሉ አናት ላይ ማስቀመጥ የገጽ ማቀናበሪያ ሥራ ነው። ከ2005 በፊት የተሠራ ፎንትም አያሳያቸውም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የአርታኢው ራስ በራስ የማስቀመጥ ልማድ ትልቅ ጥቅም አለው። ኢማክስ በየ300 ምቱ፣ ወይም ጸሐፊው ለ30 ሰከንድ ያህል ሲያርፍ፣ የጽሑፉን ቅጂ ያስቀምጣል። የቅጂው ፋይል ስም በሁለቱም ጫፍ የመሰላል ምልክት አለበት። መብራት ሲመለስ ኦልትና ኤክስ ተመቶ ሪከቨር ዳሽ ፋይል ሲታዘዝ ጽሑፉ ከቅጂው ይመለሳል።

ማሽኑ ለኢማክስ የሚበቃ ሚሞሪ ከሌለው ቪም አማራጭ ነው። በ1991 በብራም ሙሌናር የወጣው ይህ አርታኢ በሦስቱ የግንባታ ደረጃዎች ይሠራል፤ በአሮጌ እትሞቹ ግን ብዙ ባይት ያላቸውን ፊደላት እንዲያውቅ ኮንፊገር ላይ ዳሽ ዳሽ ዊዝ ፊቸርስ፣ እኩል ይሆናል፣ ቢግ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቪም ኪማፕ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ መስመር የሚመታው ላቲንና የሚወጣው ፊደል ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አንድ የኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው የሚሆን የአማርኛ ኪማፕ ራሳቸው ሊጽፉ ይችላሉ። ቪምም በየ200 ፊደሉ፣ ወይም ከአራት ሰከንድ ዕረፍት በኋላ፣ ስዋፕ በሚባል ፋይል ሥራውን ያስቀምጣል።

ለዊንዶውስ ኤክስፒ መገንባት አያስፈልግም። ጂኤንዩ ኢማክስ 24.5ን ለዊንዶውስ አዘጋጅቶ በዚፕ አውጥቶታል። ዚፑ ተፈትቶ ቢን ከሚለው ፎልደር ራን ኢማክስ የሚለው ሲጫን ይነሳል፤ ፎንቱ ደግሞ በኮንትሮል ፓነል ወደ ፎንትስ ፎልደር ይገለበጣል። የአጻጻፉ ትእዛዝ ከሊኑክሱ አይለይም። ፎንት ሊገባለት በማይችል ማሽን ላይ ደግሞ ጽሑፉን በሴራ የላቲን አጻጻፍ መመዝገብ ይቻላል። ፋይሉ ወደ ሌላ ማሽን ሲወሰድ ኢማክስ ኢትዮ ዳሽ ሴራ ዳሽ ቱ ዳሽ ፊደል ዳሽ በፈር በሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል።

በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው መገንባት የለባቸውም። በአንዱ ላይ የተጫነው ፎልደር በታር ታሽጎ ወደ ሌሎቹ ይወሰዳል። ሦስት ነገሮች ግን መመሳሰል አለባቸው፤ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የሲስተሙ እትምና አርታኢው የሚቀመጥበት አድራሻ። ኤልዲዲ የሚባለው ትእዛዝ በአዲሱ ቦታ የጎደለ ላይብረሪ ካለ ኖት ፋውንድ ብሎ ይጠቁማል።

የአሮጌ ሲስተም ወሰንም መታወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የደኅንነት ጥገና መስጠት ያቆመው በሚያዝያ 2014 ነው፤ የአሮጌ ሊኑክስ ሥርጭቶችም ከተወሰነ ዓመት በኋላ ጥገና አያገኙም። እንዲህ ያለ ማሽን ለመጻፍ፣ ለመለማመድና ፕሮግራም ለመማር ያገለግላል እንጂ ለባንክ ሥራ፣ ለኢሜይልና የሰው ምስጢር ለያዘ መዝገብ አይሆንም። ከኢንተርኔት አላቅቆ መያዝ፣ ፍላሹንም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከመሰካት በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ያስፈልጋል።

አሮጌ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ሁሉንም በአንዴ ከመጀመር በፊት አንዱን መርጦ ይሞክር። ሶርስ ኮዱን፣ የግንባታ ጥቅሎቹን፣ ፎንቱንና በአማርኛ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር በአንድ ፍላሽ ላይ ያኑር። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ለሚመጣው ባለሙያም ሆነ ተማሪ ሥራውን ለመድገም የሚያስፈልገው ይህ ፍላሽ ነው።